ሬጉሌተር ለመግዛት ላሰባችሁ አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ወደ እስራኤሏ ኤላት ወርደን ቀይ ባሕር የምንጠልቅ ሰዎች የራሳችንን ሬጉሌተር (ከአየር ሲሊንደሩ የሚመጣውን አየር ለመተንፈስ በሚመች ግፊት ወደ አፋችን የሚያደርሰውን መሣሪያ) ስንመርጥ፣ ከዋጋው አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባው በአቅራቢያችን መሣሪያውን ፈትቶ የሚያድስና መለዋወጫ የሚያገኝ ባለሙያ መኖሩን ነው። ለወራት ተቀምጦ የሚቆይ ሬጉሌተር በውስጡ በደረቀ ጨውና በላስቲኮቹ መድረቅ ይጎዳልና፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተጠቀምኩበት ብሎ ምርመራውን መዝለል አደገኛ ነው። ባለፈው የካቲት የአንድ አባላችንን መሣሪያ አፍ ላይ የሚያዘውን ጎማ ገልበጥ አድርጌ ሳይ፣ ከፕላስቲክ ማሰሪያው ሥር የጥፍር ያህል ስንጥቅ አግኝቻለሁ።

በ20 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከውኃው ገጽ ሦስት እጥፍ ስለሚሆንና የምንስበው አየርም በዚያው መጠን ስለሚጠቀጠቅ፣ ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ መተንፈስን የማያከብደውን፣ ግፊቱ የተመጣጠነ የመጀመሪያ ክፍል (ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጠመውና የአየሩን ግፊት የሚቀንሰው ክፍል) ያለውን እንድትመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ። የኤላት ውኃ በክረምትም 21 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ለበረዷማ ውኃ ለተሠራ ሞዴል ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። መግጠሚያው ዲን (DIN፣ ወደ ሲሊንደሩ ቫልቭ ተጠምዝዞ የሚገባው ዓይነት) ከሆነ፣ በማቀፊያ ለሚያዘው ለሌላው ዓይነት ቫልቭ አስማሚ ያዙ።

ከጠለቃችሁ በኋላ በንጹሕ ውኃ ስታጥቡት የመጀመሪያውን ክፍል የአየር መግቢያ የሚዘጋውን የአቧራ መክደኛ በደንብ ግጠሙ፤ ከሲሊንደሩ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ አፍ ላይ በሚያዘው ክፍል ያለውን የአየር መልቀቂያ ቁልፍ ውኃ ውስጥ እንዳትጫኑ አደራ እላለሁ።