የልጄን የጭንቅላት ሲቲ ስካን ምስል ስለመጠየቅ የቀረበ ቅሬታ

ለምርመራ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

የልጄ ፋይል እናንተው ዘንድ ስላለ እንዴት እንደወደቀችና ለምን እንደተነሣች አልደግምም። የምጽፈው ባለፈው ማክሰኞ ሪሴፕሽናችሁ ላይ ስለተባልኩት ነው።

ከሞጣ ስመላለስ ይህ አራተኛዬ ነበር። መጀመሪያ ምስሉ የሚገለበጥበት «ሲዲው ዓርብ ይደርሳል» ተባልኩ። ዓርብ ስመጣ መብራት የለም። በሦስተኛው ሲዲ የሚገለብጠው ልጅ ዕረፍት ወጥቷል። እሺ ብዬ ተመለስኩ። ማክሰኞ ግን ሠራተኛችሁ ኮምፒውተሩን ሲጎረጉር ቆየና ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ጋሼ፣ ምስሉ ሳይጠፋ አልቀረም። ልጅቷን ያምጧትና በግማሽ ዋጋ እንደገና እናነሣታለን» አለኝ። «ጨረሩስ?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። «ፎቶ እኮ ነው! ምን ያስጨንቅዎታል?» አለ፣ ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት።

ፎቶ አይደለም። አንድ የጭንቅላት ሲቲ ስካን 2 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ጨረር አለው፤ ሰው ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰማዩ በዓመት ከሚያገኘው ጋር የሚቀራረብ። በወደቀች ሌሊት ደም መፍሰሱን ለማወቅ የግድ ነበር፤ በዚያ አልከራከርም፣ የዚያን ሌሊቱን ባለሙያ አመሰግናለሁ። ግን ልጄ 6 ዓመቷ ነው። አንጎሏ ገና እያደገ ነው፤ የልጅ ገላ ጨረር ከአዋቂ ይልቅ ይጎዳዋል፣ መዘዙም ቢመጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እንዲያውም ሐኪሟ የፈለገው የዚያን ሌሊቱን ምስል ነው፤ ዛሬ ብትነሣ የዚያን ሌሊት ጭንቅላቷን ከየት ታመጡታላችሁ? ወደፊት ክትትል ካስፈለገም ይህ ጨረር የሌለው ኤምአርአይ እንደሚያዝላት ነግሮናል።

ነገር ነገርን ያነሣዋል፤ ያን ሌሊት እናቷ ልጅቷን ደግፋ ክፍሉ ውስጥ ስትቆም የጨረር መከላከያ ሽርጥ የሰጣት፣ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗንም የጠየቃት የለም። ለሲዲው የከፈልኩበት ደረሰኝም እስካሁን አልተሰጠኝም።

ስለዚህ ምስሉን እስከሚመጣው ዓርብ እንድትሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። መሣሪያው የመዘገበውን የጨረር መጠን፣ በልጅ ልክ ተስተካክሎ እንደነበርም ጭምር በጽሑፍ እፈልጋለሁ። ጠፍቶ ከሆነ መጥፋቱን ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ አሳውቁኝ፤ የአራት ጊዜ ትራንስፖርቴንም መልሱልኝ። ሠራተኛችሁም ይቅርታ ይጠይቀኝ። ይህ ካልሆነ ይህንኑ ደብዳቤ ለክልሉ ጤና ቢሮ አስገባለሁ።

ልጄን ግን ለዚህ ጉዳይ ደግሜ አላመጣትም።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚዋ አባት
ሞጣ