ለእማዬ፦ ስለ ሚጣ ጉሮሮ እና ስለ እኔ

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ ይጠፋል፤ መንገዱም እንደምታውቂው ነው። ስለዚህ ይህን ወረቀት ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ደጀን ለሚደርስ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ ወንድሜ ይቀበለውና ቢቸና ያደርስልሻል። ፊደሉን አጉልቼ የጻፍሁት አንቺው ራስሽ እንድታነቢው ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን በኩራዝ የለየሽው ፊደል ዛሬ ለእኔ ይሁነኝ። ለማንም አታስነብቢው፤ ለወንድሜም ቢሆን።

ልጄ ሚጣ አድጋለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አባባን ትመስላለች፤ ያ ሳቅ ከየት መጣ ብለን ሁላችንም እንገረማለን። ማንበብ ትወዳለች። የላሚቱን ነገር ነግሬያት ጥጃው ስንት ቀን ሆነው፣ ስሙ ማነው እያለች ታደርቀኛለች። የላክሽው በርበሬ ደርሷል። ሽሮውንም ጎረቤቶቼ ቀምሰው ከጎጃም ነው ስላቸው አመኑ።

ባለፈው በስልክ ጉሮሮዋ ቶሎ ቶሎ እንደሚያማት ስነግርሽ፣ «እንጥሏ ወርዶ ነው፤ ለፋሲካ ይዘሻት ነይና ይቆረጥላት። አንቺም ያኔ ተቆርጦልሽ ነው የዳንሽው» አልሽኝ። መልስ ሳልሰጥሽ መስመሩ ተቋረጠ። መልሴ ይኸው፦

እማዬ፣ እኔ አልዳንሁም።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ጉሮሮዬ አብጦ ምራቄን መዋጥ ሲያቅተኝ እንጥል ቆራጩን አስጠራችሁት። ራሴን በጉልበቶችሽ መሃል ይዘሽ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደሙ ቆመ፣ ጉሮሮዬም ቀለለኝ፣ ሁላችሁም ተገላገልን አላችሁ። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ጉልበቴ አበጠ። እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ ክርኔ። አንሶላ ሲነካኝ እጮህ ነበር። አንቺ ቅቤ እያቀለጥሽ ታሺኝ ነበር፤ በጀርባሽ አዝለሽ ዲማ ጊዮርጊስ ድረስ ወስደሽ አስጠመቅሽኝ። ያን ጀርባሽን አልረሳውም። ጸበሉንም አልነቅፍም፤ ዛሬም ሲመጣልኝ እጠጣዋለሁ።

ነገሩ ሩማቲክ ፊቨር ይባላል። ስትሬፕቶኮከስ የምትባል ባክቴሪያ ጉሮሮ ውስጥ ትገባለች። በፔኒሲሊን ካልጠፋች፣ ሰውነት እሷን ለመዋጋት ይቆጣና ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁጣው አንዳንዴ ወደ ራሱ መገጣጠሚያና ወደ ራሱ ልብ ይዞራል። ሌባ እንዲይዝ የተፈታ ውሻ የቤቱን ልጅ ሲነክስ ማለት ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል። እንጥል ቢቆረጥ ባክቴሪያዋ አትሞትም። የሚገድላት መድኃኒት ጤና ጣቢያው ውስጥ ነበረ። ጤና ጣቢያው ደግሞ ከገበያው አጠገብ ነበር፤ በገበያ ቀን በደጁ እናልፍ ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም ደረቴን ያቃጥለኛል። ያን ጊዜ ማንም እንዳልነገረሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያቃጥለኛል።

ከወራት በኋላ እጄ ያለ ፈቃዴ መወራጨት የጀመረው ትዝ ይልሻል? እርሳስ መያዝ አቃተኝ፤ ፊቴም ይኮማተር ነበር። ልጆቹ ሳቁብኝ፣ መምህሩ ቀለደች ብሎ ገረፈኝ፣ አክስቴ «ለክፏታል» አለች። ያም የዚያው በሽታ ተከታይ ነው፤ የሰውነት መቆጣቱ አንጎል ሲደርስ የሚመጣ። ቶማስ ሲደናም የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1686 እ.ኤ.አ. ጽፎት ስለነበር እስከ ዛሬ ሲደናም ኮሪያ ተብሎ በእሱ ስም ይጠራል፤ ኮሪያ እዚህ ላይ የአገር ስም ሳይሆን ያለ ፈቃድ መወራጨት ማለት ነው። እጅና እግር ብቻ አይደለም የሚያናውጠው። የያዘው ልጅ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፣ ይበሳጫል፣ አንድ ሐሳብ ከያዘው አይለቀውም። እኔ ማታ ማታ በሩ መዘጋቱን ደጋግሜ ስነካ፣ አባባ «ተይ አንቺ ልጅ» እያለ ሲቆጣኝ እኮ ያ ነበር።

አሁን ልናገረው የፈራሁትን ልናገር። የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ጠላ እንዳቀርብ ሰጠሽኝ። ጣሳው ከእጄ አመለጠና በእትዬ ነጠላ ላይ ፈሰሰ። አንቺ በማኅበርተኞቹ ሁሉ ፊት «ተዋት፣ ከእሷስ ሰው አይወጣም» አልሽ። ሴቶቹ ዝም አሉ። አንዲቱ ብቻ «ኧረ ተይ፣ ልጅ ናት» አለች። ምናልባት በዚያው ቀን ረስተሽው ይሆናል። እኔ ግን አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ፣ ጠዋት ከአልጋዬ መነሳት ተራራ መውጣት ሲሆንብኝ፣ ምግቡ አፈር አፈር ሲለኝ፣ ፈተና ቀርቦ ደብተሬን መግለጥ ሲያቅተኝ የሰማሁት ያንን ነበር። እማዬ እንዳለችው ሆንሁ አልሁ። አንቺም «ስንፍና ነው» አልሽ። እንኳን ሌላ፣ ለራሴም ስንፍና መስሎኝ ነበር።

ሚጣን ሳረግዝ ነው ነገሩ የተገለጠው። ሐኪሟ ልቤን ስታዳምጥ አንድ ድምፅ ሰማችና «በልጅነትሽ መገጣጠሚያሽ አብጦ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። በአልትራሳውንድ ሲታይ አንዱ የልቤ ቫልቭ ጠባሳ አለው። አትደንግጪ፣ ክትትል ላይ ነኝ፣ እየተቆጣጠሩት ነው። ሁሉንም ስነግራት፣ የእጄን መወራጨት፣ የበሩን ነገር፣ ያንን የጨለመ ዓመት፣ ወደ አእምሮ ሐኪም ላከችኝ። የያዘኝ ድባቴ ነው። መድኃኒት እወስዳለሁ። ሚጣን ከወለድሁ በኋላ ብሶብኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ለአራስ ጥሪ ስትመጪ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የነበረው ለዚያ ነው፤ አንቺን ጠልቼ አልነበረም።

የልጅነት የሰውነት መቆጣትና ድባቴ ሊያያዙ ይችላሉ ስልሽ ከራሴ አላመጣሁትም። እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶልና አካባቢዋ፣ በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ልጆችን ከእናታቸው ማህፀን ጀምሮ የሚከታተል ጥናት አለ። ልጆቹ 9 ዓመት ሲሆናቸው ደማቸውን ወስደው ኢንተርሊውኪን-6 የሚባለውን ለኩ፤ ሰውነት ሲቆጣ በደም ውስጥ የሚጨምር ነገር ነው። 18 ሲሞላቸው ስለ ስሜታቸው ጠየቋቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ በ9 ዓመታቸው ያ ነገር ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ልጆች በ18 ዓመታቸው ድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። ዴንማርክም ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ልጆችን መዝገብ አይተው በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በኢንፌክሽን ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ልጅ ኋላ የአእምሮ ሕመም የመያዙ ዕድል እንዲህ ካልተኙት ልጆች ይልቅ 84 በመቶ ያህል ከፍ ብሏል። በልጅነቱ የታመመ ሁሉ ይጨልምበታል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ደኅና ሆነው ያድጋሉ። የእኔም ከዚያ ብቻ መጣ የሚል ሐኪም የለም። አባባ የሞተበት ክረምትም አለ። መሬቱን የተካፈልንበት ጊዜም አለ፤ እሱን አላነሳውም። ግን ሰውነቴ በልጅነቱ የተቃጠለው ቃጠሎ በኋላ ካደከመኝ ነገር ጋር አንድ መንገድ ሊኖረው እንደሚችል ካወቅሁ ወዲህ፣ ራሴን መርገም ትቻለሁ። አንቺም ይህን ክፍል ደግመሽ አንብቢው።

እንግዲህ የሚጣ ነገር እንዲህ ነው፦ እንጥሏን ማንም አይነካትም። በአንድ ምላጭ ስንቱ ልጅ እንደሚቆረጥ፣ ስንቱ እንደሚደማ፣ ምን ምን በሽታ እንደሚተላለፍ አንቺም ሰምተሻል። ጉሮሮዋን ሲያማት ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። የፔኒሲሊን ወገን የሆነው አሞክሳሲሊን ሲታዘዝላት ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ቢለቃትም 10 ቀን ሙሉ ሳላቋርጥ እሰጣታለሁ። ለፋሲካ መንገዱ ሰላም ከሆነ ይዣት እመጣለሁ፤ ጥጃውን አሳያት፣ ጸበልም ውሰጃት፣ ደስ ይለኛል። ቆራጩ ግን በደጃችን እንዳያልፍ። በዚህ ከተጣላን እንጣላ።

ወንድሜ የደም ግፊት ክኒንሽን ጾም ሲገባ ታቋርጪያለሽ አለኝ። እኔን አፈር ያስበላኝ፣ እማዬ፣ እንዲህ አይደረግም። ሐኪም ጠይቄያለሁ፤ አምሎዲፒኑ በቀን አንዴ የሚዋጥ ስለሆነ ከቅዳሴ መልስ ጾሙን ስትፈቺ መዋጥ ትችያለሽ። የነፍስ አባትሽንም ጠይቂ። የሦስት ወሩን ከዚህ ወረቀት ጋር ልኬዋለሁ፤ ለጎረቤት እንዳታካፍዪው።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ገንዘብም ልብስም አይደለም። ማኅበሩ ተራው አንቺ ዘንድ ሲደርስ፣ ያን ቀን የነበሩት ሴቶች ዛሬም በሕይወት ያሉት፣ እነሱ ፊት «ያኔ ልጄ ታማ ነበር» በዪልኝ። ሰነፍ አልነበረችም፣ አልተለከፈችም፣ ታማ ነበር። በእነሱ ፊት ስላልሽው በእነሱ ፊት ይሁን። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ስለ መድኃኒቴ መናገር ካሳፈረሽ እሱን ተዪው፤ ያችን አንዲት ቃል ብቻ።

ደግሞ የእትዬ የልጅ ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል ብለሽኝ ነበር። ይህን ወረቀት እንደጨረስሽ ተነሺና ንገሪያት፤ ከቆራጩ ቤት በፊት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የካርድ ካጠራት ወንድሜ ይክፈልላት፣ እኔ እመልስለታለሁ።

ልጅሽ