ደብዳቤ ለልጄ፦ ዞአዎቹ ሲዘጉ

የኔ ልጅ፣

ደህና ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። በባሕር ውሃ ገንዳሽ ያሉት ዞአዎች፣ እነዚያ አበባ የሚመስሉት የኮራል ዘመድ እንስሳት፣ ለሦስት ቀን እንደተዘጉና ከፍ ወዳለው ድንጋይ ልታዛውሪያቸው እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። ለጊዜው ባሉበት ተያቸው። ዞአን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው እጅ የሚያበዛበት ሰው ነው። መጀመሪያ ለኪ።

ከጨው ጀምሪ። ሪፍራክቶሜትሩን፣ የጨው መለኪያሽን፣ የምታስተካክዪው በ35 ፒፒቲ (በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ባለው) መለኪያ ፈሳሽ ይሁን፤ በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ልክ ሆኖ 35 ላይ ሊስት ይችላል። የምንፈልገው የገንዳው ውሃ ጥግግት ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ከ1.025 እስከ 1.026 እንዲሆን ነው። ከገንዳው የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ የጎደለውን የምትሞይው አርኦ-ዲአይ በሚባለው፣ ጨውና ማዕድኑ ተጣርቶ በወጣለት ንጹሕ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ አይደለም። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች (መለኪያው ነው) ከሆነ ደህና ነው። ለካልሲየሙ ብዙ አትጨነቂ፤ ዞአ እንደ ድንጋያማዎቹ ኮራሎች አጽም አይሠራም፣ በየሳምንቱ ከምትቀይሪው ውሃ የሚያገኘው ይበቃዋል። ላንቺ 75 ሊትር ገንዳ 7.5 ሊትር ቀይሪ። 270 ግራም ገደማ ጨው ይወስዳል፣ እንደ ጨው ዓይነቱ ግን ይለያያል፤ ሌሊቱን በፓምፕ እየተሽከረከረ ይደርና ጠዋት ለክተሽ ጨምሪው።

ለዞአ ምግብ የሚሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ስለሆኑ ደስ ብሎሽ ከሆነ፣ ችግሩ እሱ ሊሆን ይችላል። «ዞአ ቆሻሻ ውሃ ይወዳል» የሚባለው የተጋነነ ነው፤ ረሃብ አይወድም ቢባል ይሻላል። ናይትሬት ከ5 እስከ 15፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ይሁን። ዜሮ ካገኘሽ የፎስፌት ማጣሪያውን አውጪና ለዓሦቹ ምግብ ትንሽ ጨምሪ። በአንድ ቀን ልታስተካክዪው አትሞክሪ።

ብርሃኑን ከዞአው ግንድ አንብቢ። ግንዱ ረዝሞ ቀጥኖ ወደ ላይ ከተንጠራራ ብርሃን አንሶታል፤ አጥሮ ድንጋዩ ላይ ከተለጠፈና ቀለሙ ከገረጣ በዝቶበታል። የውሃው ፍሰት ፖሊፖቹን፣ አበባ የሚመስሉትን እያንዳንዳቸውን፣ ቢያወዛውዛቸው መልካም ነው፣ ካጎበጣቸው ግን በዝቷል።

ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ካልተከፈቱ ተባይ ፈልጊ። መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ባትሪና አጉሊ መነጽር ይዘሽ በግንዶቹ መሃል ተመልከቺ። ኑዲብራንክ የሚባለው ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ የበላውን የዞአ ቀለም ራሱ ላይ ስለሚያወጣው፣ ካልተንቀሳቀሰ ከተዘጋ ፖሊፕ አይለይም። ከግንዱ ሥር ተጠቅልሎ የተጣበቀ ነጭ ነገር ካየሽ እንቁላሉ ነው። ቅርፊቱ እንደ ዳማ ገበታ ጥቁርና ነጭ የሆነ ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣም ዞአ በል ነው። ካገኘሽ ዞአዎቹን በኮራል ዲፕ፣ ተባይ በሚገድለው የኮራል ማጠቢያ ፈሳሽ፣ እጠቢያቸው፤ መጠኑና ደቂቃው ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ይሁን፣ ውሃውን በሲሪንጅ በግንዶቹ መሃል እየገፋሽ። ዲፕ እንቁላል አይገድልም። እንቁላሉን በወረንጦ ለቅመሽ፣ በየሳምንቱ እየደገምሽ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እጠቢ። አንድ ጊዜ አጥቦ ማቆም ድካም ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ቀልድ የሌለበት ነገር። ዞአዎች፣ በተለይ ፓሊቶዋ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። በሃዋይ የማዊ ደሴት ሰዎች «ሊሙ ማኬ ኦ ሃና»፣ ገዳዩ የሃና የባሕር ሣር፣ ብለው ጦራቸውን የሚቀቡት ይህን ፍጥረት እንደነበር ይነገራል፤ ሳይንቲስቶች መርዙን ለይተው ያሳወቁት በ1971 ነው። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ዞአ ያለበትን ድንጋይ አትቀቅዪ፣ በፈላ ውሃ አታጥቢ፣ ከውሃ ውጭ በብሩሽ አትፈትጊ። እንፋሎቱና ፍንጣሪው ነው ሰው የሚጥለው። መቁረጥ ካለብሽ ጓንትና ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር አድርገሽ፣ በገንዳው ውሃ በተሞላ ሳህን ውስጥ፣ በስለታም ምላጭ፣ ከውሃው በታች ቁረጪ፤ ሲቆረጥ ይረጫል። ሳህኑ ከዚያ በኋላ ወደ ማድ ቤት አይመለስ። የተቆረጠበትን ውሃና ዕቃውን በረኪና አንድ እጅ ለውሃ ዘጠኝ እጅ አድርገሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዪው፣ መስኮት ተከፍቶ። ድመትሽም አትጠጋው። አፍሽ ብረት ብረት ካለሽ፣ ከሳልሽ፣ ከተንቀጠቀጥሽ ወይም ዓይንሽን ካቃጠለሽ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂና «ፓሊቶክሲን» ብለሽ ስሙን ንገሪያቸው። ብዙ ሐኪም ካልነገሩት አያስበውም።

ነጭ ሆኖ የቀለጠ ፖሊፕ ካለ በጓንት አንስተሽ አውጪ፣ የማጣሪያ ከሰሉንም ቀይሪ። ሌሎቹን አትንኪ፤ ከተገኘው ችግር በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል ዘግተው ሊቆዩ ይችላሉ።

ዛሬ ማታ አምስቱን ቁጥሮች ላኪልኝ፦ ጨው፣ ሙቀት፣ አልካሊኒቲ፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት። ከጎን የተነሳ ፎቶም ጨምሪበት። በሰማያዊው መብራት ግን አታንሺ፣ ምንም አይለይበትም።

አባትሽ