ሩጫን ቅጣት አታድርገው

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቀለል ብሎኛል። የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ከሰዓት በር ዘግተን እንተኛለን፣ ማታ ወንበር አውጥተን ደጅ እንቀመጣለን። የግቢው ሎሚ ዘንድሮ ጥሩ አፍርቷል።

በእጄ የምጽፍልህ በስልክ ነገሩን ሳነሳብህ ስለምትቆጣ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ወደ ዳላስ ሲመለስ ከሀልዋው ጋር ይሰጥሃል። ቁጭ ብለህ አንብበው። መኪና ውስጥ እንዳታነበው።

ባለፈው እሁድ ሚጡ ደውላልኝ ነበር። «እማማ፣ ዳዲ አስለቀሰን» አለችኝ። በዚያ ኳስ በዱላ በሚመቱበት ጨዋታ፣ በሶፍትቦል ልምምድ ላይ ሲንጫጩብህ ተናደህ ሁሉንም ሜዳውን አምስት ጊዜ አዞርካቸው አሉ። በዚያ ፀሐይ። አንዷ ልጅ መሃል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ልጄ፣ ሩጫን ቅጣት አታድርገው።

አንተ ሶፍትቦል ተጫውተህ እንደማታውቅ አውቃለሁ። አሠልጥኑልን ሲባል ወላጁ ሁሉ እምቢ ሲል ነው እሺ ያልከው። በዚህ ኮርቼብሃለሁ። አባትህ ቢኖር ለሰፈሩ ሁሉ ያወራው ነበር። ከሥራ ደክሞህ መጥተህ የሰው ልጅ፣ ያውም 12 ልጅ ይዞ መቆም ቀላል አይደለም። ግን እኔም ከ30 ዓመት በላይ ስፖርት አስተምሬያለሁ። ሶፍትቦል ባላውቅ የ9 ዓመት ልጅ አውቃለሁ።

ደግሞ ስለ ጨዋታው ምንም አታውቅም ብለህ አትለፈኝ። ሚጡን በቪዲዮ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠይቄያታለሁ። ስሙ ሶፍት፣ ለስላሳ፣ ይሁን እንጂ ኳሱ ጠንካራ ነው። በእነሱ ዕድሜ ዙሪያው 11 ኢንች ነው፣ ወደ 28 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ወርዋሪዋ እጇን ከታች አዙራ ነው የምትለቀው፣ ከ35 ጫማ ርቀት። ሯጯ ከምትረግጠው ከአንዱ ማረፊያ፣ ቤዝ ከሚሉት፣ እስከ ሌላው 60 ጫማ ነው። ወደ ሜትር ስቀይረው 18 መጣልኝ። ግቢ ወርጄ በእርምጃ ለካሁት። ከሳሎኑ ደረጃ ተነሥቼ ሎሚው ሥር ስደርስ ገና 11 ነበር። የውጭውን በር ከፍቼ መንገድ ላይ ወጣሁ።

እዚያ ቆሜ አሰብኩ። በእናንተ ጨዋታ ልጅቷ ይህን ርቀት የምትሮጠው ኳስ ስትመታ ነው። ሰው እያጨበጨበላት ነው። ሩጫው ሽልማቷ ነው። አንተ ሽልማቷን ወስደህ አለንጋ አደረግከው። ነገ ኳስ መትተሽ ሩጪ ስትላት እግሯ ምን ያስታውስ?

ለምን እንደሚንጫጩብህም ደርሼበታለሁ። ልምምድ ላይ ምን ትሠራላችሁ ብዬ ስጠይቃት «አንዷ ትመታለች፣ እኛ እንቆማለን» አለችኝ። በል አስላው። 12 ልጅ አለህ፤ ለእያንዳንዷ 5 ደቂቃ ብትሰጥ 1 ሰዓት ነው። እያንዳንዷ 5 ደቂቃ መትታ 55 ደቂቃ ትቆማለች። በዚያ ዕድሜ 55 ደቂቃ ዝም ብሎ የሚቆም ልጅ ካየህ ታሟል ማለት ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰደው። ጥፋቱ ከሰልፉ ነው። አንተ አሰልፈህ ታቆማለህ፣ እነሱ ይረብሻሉ፣ ከዚያ ትቀጣለህ።

ለሦስት ክፈላቸው፣ አራት አራት። አንዱ ቡድን ኳሱን ማቆሚያው ላይ አስቀምጦ ወደ አጥሩ ይምታ። ሌላው መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ይልቀም። ሦስተኛው ቤዝ ይሩጥ፤ ግን ሰዓት ያዝላቸውና ከትናንት ራሳቸው ጋር ይወዳደሩ። በ12 ደቂቃ ፊሽካ ንፋና ይቀያየሩ። ዱላ ያለበት ቦታ ላይ ግን ቀልድ የለም። የምትመታዋ ሄልሜት ታድርግ። አንዷ ብቻ ዱላ ትያዝ፣ ሌሎቹ ርቀው ይቁሙ፣ አንተ ሳትል ማንም ዱላ አያንሳ። ብቻዬን እንዴት እችላለሁ እንዳትለኝ። መኪና ውስጥ ስልክ እያዩ ከሚጠብቁት እናቶች ሁለቱን ጥራ። «ኳስ ብቻ ያንከባልሉልኝ» ብትላቸው ደስ ይላቸዋል።

ኳሱን የሚፈሩትን ደግሞ አትቆጣ። አንተ ራስህ ኳስ ሲመጣ ዓይንህን ትጨፍን ነበር። አባትህ በምን እንዳስተወህ ረሳኸው? በካልሲ ኳስ ነው። ቤት ያለውን አሮጌ ካልሲ ሁሉ ጠቅልሎ በሲባጎ አስሮ፣ ያቺ ቢጫ ካልሲ ከላይ ሆና፣ በየማታው ይወረውርልህ ነበር። ፊትህን ቢመታህም አያምህም። ሳምንት ሳይሞላ ዓይንህ ተገለጠ። ለእነሱም እንደዚያ ጀምርላቸው። ሲቀልቡ፣ ኳሱ ከወገብ በላይ ሲመጣ ጣት ወደ ላይ፣ ከወገብ በታች ሲመጣ ጣት ወደ ታች። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አርምላት፤ አምስት ነገር ብትነግራት አምስቱንም ትረሳለች።

ውኃ በየ15 ደቂቃው ይጠጡ፣ ጠማን ባይሉም። ማንም ልጅ ውኃ ለመጠጣት አያስፈቅድህ። አንተም ጠጣ፣ የኩላሊትህን ነገር አትርሳ። ለአክስትህም ደውልላት፤ ለፋሲካ አልደወለልኝም ብላ አኩርፋለች።

እኔ ይህን ሥራ ለምን እንደወደድኩት ነግሬህ አውቃለሁ? በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ከሁለቱ ምድብ አንዱ እዚህ ድሬ ነበር። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሱዳን። የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አጎትህ ስታዲየም ወሰደኝ። ግቦቹን ረስቻቸዋለሁ። የማልረሳው ከጨዋታው በፊት ሲያሟሙቁ ነው። ሁለት ሁለት እየሆኑ ኳስ ይቀባበላሉ፤ ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ሰው አልነበረም። በኋላ ዋንጫውን ሞሮኮ ወሰደች። እኔ ያንን ማሟሟቅ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ግን አየህ፣ ዓይቶ ማወቅ ብቻውን አይበቃም።

በ1979 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነው። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ሰጡኝ። የአንዷን ልጅ ነገር ሰምተሃል፣ አባትህ እሷን ሲያነሳ እኔ ከማዕድ እነሣ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ አረፈደች። ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ የድሬ 9 ሰዓት። ቡድኑ በሙሉ እያየ ሜዳውን 10 ጊዜ ዙሪ አልኳት። አንድ ቃል አልመለሰችም። ሰባተኛው ላይ የላስቲክ ጫማዋ ተበጠሰ። አውልቃ በእጇ ያዘችውና በባዶ እግሯ ቀጠለች። አሸዋው እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቃለህ። በቃሽ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሌሎቹ ይንቁኛል ብዬ ዋጥኩት። ስትጨርስ መጥታ «ጨረስኩ ቲቸር» አለችኝ፣ ጫማዋን እንደያዘች። ውኃ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች። አልተመለሰችም።

በኋላ ጓደኞቿ ነገሩኝ። እናቷ ቀፊራ ገበያ ሳምቡሳ ትሸጥ ነበር። ልጅቷ እናቷን አግዛ፣ ዕቃውን አስገብታ፣ ከዚያ ነው ወደ እኔ የምትመጣው። እየሮጠች መጥታ ነው ያስሮጥኳት።

ቤታቸው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ 10 ደቂቃ ነበር። ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ዓመቱ አለቀ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ጠዋት መጀመሪያ የታሰበችኝ እሷ ናት። 19 ዓመት አልፎ! ለአባትህ እንኳ አልነገርኩትም።

ተርፋለች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቀፊራ አገኘኋት፣ አትክልት ትሸጣለች። እኔ አላወቅኋትም፣ እሷ ግን ወዲያው አወቀችኝ። «ቲቸር! ዛሬም ያስሮጣሉ?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ቂም የለባትም። ይቅርታ አድርጊልኝ ልላት ነበር። «ቲማቲም ስንት ነው?» አልኳት። መዝና ከላይ ሦስት ምርቃት ጣለችልኝ። ለሌላ ገበያ ወደዚያ መደዳ አልሄድኩም።

ስለዚህ ሩጫን ቅጣት አታድርገው። ሚጡንም ጭምር። በተለይ ልጄ ናት ብለህ በእሷ ላይ እንዳትጠነክር፤ ሌሎቹን ማስፈራሪያ አታድርጋት። አርፍዳ የምትመጣ ልጅ ካለች ያረፈደው መኪናውን የነዳው ነው፤ እሷን «እንኳን መጣሽ» በላትና አስገባት። የመጨረሻውን 15 ደቂቃ ጨዋታ አድርገው። ነጥብ ያዝላቸው። እየሳቁ መኪና ውስጥ ይግቡ።

ቁጣህ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከእኔ ነው። አባትህ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

አሁን የምልህን አድርግ። ያቺ የቀረችዋ ልጅ ቤት ሂድ። ስልክ አትደውል፣ መልእክት አትላክ፣ በእግርህ ሂድ። ወላጆቿ ባሉበት «ያደረግኩት ትክክል አልነበረም» በላት። ካልመጣችም አትጫናት፤ ቦታዋ እንዳለ ንገራት። ይህን ሳታደርግ የሚቀጥለው ማክሰኞ እንዳይደርስ።

ሀልዋው ሁለት ኪሎ ነው፣ ለሁለት እሽግ እኩል አካፍዬዋለሁ። አንደኛውን እሽግ ሳትከፍት ለእነሱ ይዘህ ሂድ። ሚጡንም ይዘሃት ሂድ።

እናትህ
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ