ጽጌረዳ ከጸጋ አልመጣችም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሴት ልጆች ስም የወጣው ጽሑፍ «ጽጌረዳ»ን «ጸጋ» እና «ረዳት» ከሚሉት ቃላት የተገኘ ነው ብሎ ፈትቶታል። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ስም ስጠራ ኖሬያለሁ፤ ግእዝንም ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ቀምሻለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽጌ በግእዝ አበባ ነው፤ ጸገየ ማለት አበበ ማለት ነው። ጸጋ ግን ከጸገወ፣ ማለትም በነጻ ሰጠ ከሚለው ግስ የሚወጣ ነው። ፊደላቸው ቢቀራረብም ዘራቸው ለየቅል ነው። ጽጌ ረዳ ደግሞ ያቺ እሾኻማዋ፣ መዓዛዋ ደጁን የሚያውደው አበባ ናት፤ መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ላይ «የሳሮን ጽጌ ረዳ» የተባለችው። ጽጌ ብቻውን ለወንድም ይወጣል፤ ረዳ ሲጨመርበት የሴት ይሆናል።

ከፍቺው ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ጽሑፉ ወቅቱን ጨርሶ መዝለሉ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ወርኀ ጽጌ ነው። ሜዳው አደይ የሚለብስበት፣ ቤተ ክርስቲያንም እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን የምታስብበት ጊዜ ነው። የአባ ጽጌ ድንግል ድርሰት፣ ማኅሌተ ጽጌ፣ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ይቆማል፤ አንዴ እናቲቱ አበባ ልጇ ፍሬ፣ አንዴ ደግሞ እርሱ ራሱ አበባ እየተባለ ይዜማል። እኔ የተወለድኩት ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩና ማኅሌት ቆመው አድረው፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ፣ ጋቢያቸው ዕጣን ዕጣን እየሸተተ ሲመለሱ እናቴ ተገላግላ ጠበቀቻቸው። ሴት መሆኔ ሲነገራቸው «እንግዲያው ጽጌረዳ ናት» አሉ። ሌላ ስም አልታሰበም።

ጽጌ ሲመነኩሱም የሚሰጥ ስም ነው። በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም ያወቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም የውብዳር ነበር። ጽጌ ማርያም የተባሉት ከመነኮሱ በኋላ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲያርፉም ዓለም የሸኛቸው በዚሁ ስም ነው።

እኔ በምኖርበት በሆለታ ዛሬ ጽጌረዳ ሲባል ሰው የሚያስበው በግሪን ሃውስ አድጋ ወደ ሆላንድ የምትጫነውን ነው። ለብዙ ሰው እንጀራ ሆናለችና አልነቅፋትም። ነገር ግን የአገራችን ምድር ያበቀላት ጽጌረዳ ቀጋ ናት። አጥር ላይ ተንጠላጥላ ታብባለች፤ አምስት ነጫጭ ቅጠሎቿ ቢጫውን እምብርቷን ይከብቡታል። ፍሬዋ ሲቀላ በልጅነታችን ከእሾኹ ጋር እየታገልን እንለቅም ነበር፤ ውስጡ ያለው ጠጉራም ዘር ጉሮሮ ስለሚከረክር እሱን አራግፈን ልጣጩን ብቻ እንበላለን። ልጃቸውን በአበባ ስም ለመጥራት የውጭ መጽሐፍ የሚያገላብጡ ወጣት ወላጆች ቀጋን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

ማስተካከያውን በሚቀጥለው እትም እንድታወጡት እለምናለሁ። ጥቅምት ላይ ነን፤ ሰሞኑን ሴት ልጅ የወለዱ አንባቢዎቻችሁ ክርስትና እስኪያነሷት 80 ቀን አላቸው።

ጽጌረዳ
ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህርት፣ ከሆለታ