የወላድ ደም መርጋቱም ይታይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከወሊድ በኋላ ስለሚያጋጥም የደም መፍሰስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ ደም ልገሳ ብዙ ብሏል። ፋይብሪኖጅንን ግን ዘሎታል። ደሙን የሚያረጋው ክር የሚሠራው ከዚህ ፕሮቲን ነው። ብዙ ደም ሲፈስ ቀድሞ የሚመናመነውም እሱ ነው። በሊትር ከ2 ግራም በታች ከወረደ አስጊ ነው። ቀይ የደም ሴል ብቻ መስጠት አይተካውም፤ ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ወይም ከፕላዝማ የሚዘጋጀው፣ ፋይብሪኖጅን የበዛበት ክራዮፕሪሲፒቴት ያስፈልጋል።

«ላቦራቶሪ የለንም» ማለት የደሙን መርጋት ላለማየት ሰበብ አይሆንም። 2 ሚሊ ሊትር ደም በደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ተወስዶ በጭብጥ ይያዛል። ከ4 ደቂቃ በኋላ በየደቂቃው ዘንበል እያደረጉ ማየት ነው። በ7 ደቂቃ ካልረጋ፣ ወይም ረግቶ በቀላሉ ከፈረሰ፣ የመርጋት ችግር አለ። የዚህ ምርመራ መመሪያ በየማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ይለጠፍ፤ ቱቦውም ከማዋለጃ ዕቃው ጋር ይቀመጥ።

አንድ አንባቢ