ማሽኑ ተገዝቷል፤ ኤሌክትሮዱስ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች የመጪውን ዓመት በጀት የሚያዩበት ጊዜ ስለደረሰ፣ ለጎልማሶች ትምህርትና ለአጫጭር የሙያ ሥልጠና የሚያዘው ገንዘብ የት ላይ እንደሚጎድል በዝርዝር ማሳየት ፈለግሁ። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ “በጀቱ ትንሽ ነው” ከሚለው አያልፍም። ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ያለውም ቢሆን ግን በሕንፃና በማሽን ያልቅና ሰልጣኙ እጅ ሳይደርስ ይቀራል። ሁልጊዜ የሚራቆተው በሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ “አላቂ ዕቃ” የሚባለው፣ በሥራ ላይ ውሎ የሚያልቀው ነገር የሚገዛበት መስመር ነው።

ብየዳን እንውሰድ። ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረትን ከብረት የሚያያይዘው ዘንግ፣ ብረቱ ላይ እየተጣበቀበት ነው። እጁን ሲያርቅ እሳቱ ይጠፋል፣ ሲያስጠጋ ይጣበቃል፤ ሲፈጥን መስመሩ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ላሜራው ይበሳል። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስተማር አይቻልም። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ አንዱ ነዶ የሚያልቀው በአንድ ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ ሰልጣኝ በቀን 25 ቢያቃጥል፣ ስላግ (በብየዳው መስመር ላይ የሚደርቀውን ቅርፊት) ማራገፉና በብሩሽ ማጽዳቱ ተጨምሮ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አይበልጥበትም። ስለዚህ ተራ ከተያዘ ለ20 ሰው 4 ማሽን ይበቃል። 5 ኪሎ የሚመዝነው ፓኬት 250 ገደማ ይይዛል። 20 ሰልጣኞች በቀን 500፣ ማለትም 2 ፓኬት ይጨርሳሉ፤ ለ30 የልምምድ ቀን 60 ፓኬት ያስፈልጋል።

ለዚሁ ቡድን 10 ፓኬት ተፈቀደ እንበል። ለእያንዳንዱ 125 ኤሌክትሮድ ይደርሰዋል፤ በአምስተኛው ቀን ያልቃል። በ30 ቀን ውስጥ እሳት እጁ ላይ የቆየው በድምሩ ሁለት ሰዓት ነው። የቀረውን ጊዜ ማስክ ይዞ ቆሞ ወይም የደህንነት ደንብ ደብተሩ ላይ ሲገለብጥ ይውላል። ሪፖርቱ ላይ 20 ሰው “ሠለጠነ” ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ የብቃት ምዘናው ይመጣል። መዛኙ የሚያየው ብረቱ ላይ ያለውን መስመር ነው፤ ቀዳዳ ካለው፣ ስላግ ከዋጠ፣ ጠርዙ ከተበላ ሰልጣኙ ይወድቃል። የወደቀው ልጅ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ኤሌክትሮድ ስላልተሰጠው ነው። ይህ ሊነገርለት ይገባል።

ጉድለቱ ለምን በየዓመቱ ይደጋገማል? ማሽን በካፒታል በጀት ወይም በእርዳታ ይመጣል። አላቂ ዕቃ ግን ከመደበኛው በጀት ነው የሚገዛው፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ደመወዝ ይቀድማል። የተረፈውን ለመግዛት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ፊርማ ይዞራል። ፊርማው እስኪያልቅ አቅራቢው “ዋጋው ጨምሯል” ይላል፤ ፕሮፎርማው እንደገና ከሀ ይጀመራል። በዚህ መሀል ሥልጠናው ግንቦት ላይ ያበቃል። ሰኔ ሲገባ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ በጥድፊያ ይገዛል። ኤሌክትሮዱ ክረምቱን በሚያፈስ መጋዘን ወለል ላይ ይከርማል። እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ሽፋኑ ይረግፋል፣ ሲበየድበትም መስመሩን በቀዳዳ ይሞላዋል። የሚቀጥለው ዓመት ሰልጣኝ ልምምዱን የሚጀምረው በዚህ ነው።

መፍትሔው አዲስ ሕግ አይጠይቅም። በግዥ ሥርዓታችን የማዕቀፍ ስምምነት የሚባል መንገድ አለ፤ በዓመቱ መጀመሪያ ከአቅራቢ ጋር አንድ ጊዜ ተዋውሎ ዕቃውን እንደ አስፈላጊነቱ በየጊዜው መረከብ ይቻላል። ዞኑ ለሁሉም ተቋማት በአንድነት ቢዋዋል ደግሞ ዋጋውም ይሻላል። የልምምድ ብረት በአብዛኛው መግዛት አያስፈልግም፤ በከተማው ካሉ የብረታ ብረት ቤቶች ቁርጥራጭ ሰብስቦ በሁለቱም ፊት መሥራት ይበቃል። አንዳንዶች “ተቋሙ በርና መስኮት ሠርቶ በመሸጥ ራሱን ይቻል” ይላሉ። በከፊል እስማማለሁ፤ ሰልጣኝ መሠረቱን ከያዘ በኋላ ለትምህርት ቤት ዴስክ ቢሠራ ይጠቅመዋል። ተቋሙ በትዕዛዝ ሥራ መኖር ከጀመረ ግን ሰልጣኙ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ብረት ሲቆርጥ ይውልና ቁልቁልና ሽቅብ መበየድን ሳይነካ ይወጣል።

የጎልማሶች ትምህርትም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ በዓለም መድረክ እስከ መሸለም ደርሶ ነበር። ዛሬ ያለው የሁለት ዓመቱ የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ፊደሉን ከማዳበሪያ፣ ከቁጠባና ከጤና ጋር አያይዞ ማስተማር። የሚሰበረው ጎልማሶቹን በሚያስተምረው ሰው፣ በአመቻቹ ላይ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ የተሰበሰቡ የአፍሪካ አገሮች ተወካዮች ከትምህርት በጀት ቢያንስ 3 በመቶው ለጎልማሶች ትምህርት እንዲውል ጠይቀው ነበር። በዘርፉ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ደግሞ አንድ አመቻች ለ30 ተማሪ፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት ዓመት፣ ክፍያውም ለሠራባቸው ሰዓታት ሁሉ ከጀማሪ የአንደኛ ደረጃ መምህር ያላነሰ ይሁን ይላል። ክፍያው ለሦስት ወር የተጠራቀመበት አመቻች በአራተኛው ወር አይመጣም፤ አይፈረድበትም። እሱ ሲቀር ሊማሩ የመጡት እናቶችም ይበተናሉ፣ የተበተነን ቡድን መልሶ ማሰባሰብ ደግሞ ከመጀመሪያው ምዝገባ ይከብዳል። በአጨዳና በውቂያ ወራት ክፍሉ ባዶ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የክፍያውም የትምህርቱም ካላንደር ይህን ቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ሁለቱ ሥራዎች ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በሁለት ሚኒስቴር ሥር ናቸው፤ ጎልማሶች በትምህርት፣ ሙያ በሥራና ክህሎት። አንድ ሰው ላይ ግን ይገናኛሉ። ብረት ሥራ የሚገባ ጎልማሳ ሜትር ላይ 118.5 ሴንቲ ሜትር ማንበብ ካልቻለ፣ ማሽኑ በምን ያህል የኤሌክትሪክ መጠን እንደሚስተካከል የሚያሳየውን ፓኬቱ ላይ ያለውን የአምፔር ሠንጠረዥ ካላወቀ፣ እጁ ቢለምድም የጽሑፍ ምዘናው ይጥለዋል። ለእንዲህ ያለው ሰልጣኝ በሳምንት ሁለት ምሽት እዚያው ዎርክሾፑ ውስጥ በሜትሩና በሠንጠረዡ ንባብና ስሌት ማስተማር ይቻላል። የሚያስፈልገው የአንድ አመቻች ክፍያና መብራት ነው። “በየትኛው ቢሮ በጀት?” የሚለውን ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች ከሐምሌ 1 በፊት ተቀምጠው ቢወስኑ ደግ ነው።

ለምክር ቤት አባላት፦ በጀቱ ሲቀርብላችሁ “ስንት ሰው ይሠለጥናል?” ከማለታችሁ በፊት አላቂ ዕቃው ለስንት ሰልጣኝና ለስንት የልምምድ ቀን እንደተሰላ ጠይቁ። ያለፈውን ዓመት ለማጣራት ከፈለጋችሁ ንብረት ክፍል ሄዳችሁ ኤሌክትሮድ የገባበትን ሞዴል 19 እና ለአሠልጣኙ የወጣበትን ሞዴል 22 አስመጡ፤ ቀኖቹን ሥልጠናው ከተጀመረበትና ካበቃበት ቀን ጎን አስቀምጡና አስተያዩ።

ከአክብሮት ጋር
የብረታ ብረት ሥራ አሠልጣኝ